ዳገት የማትወድ መኪና

ኮርቻ ሠሪው አብተው በቅሎውን በመኪና የለወጠው የልጁ አማት ባሾፉበት አንድ ነገር ምክንያት ነው። ሹፈት መሆኑን ከእሱ በቀር ሁላችንም አውቀን ነበር።

አብተው ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ሮማነወርቅ። ከአዳማ በስተደቡብ፣ ከቦኩ ዳገት ማዶ፣ ኦዳ ቆርኬ በምትባል መንደር ለሰንበታ ተድራለች። ሰንበታ ደግ ገበሬ ነው። ብዙ አይናገርም። በዚያ ቤት የሚናገሩት እናቱ እመት ዲንቄ ናቸው፤ ለሁለት ይበቃሉ።

በ፲፱፻፳፫ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ሮማነወርቅ ነፍሰ ጡር ሆና ስድስት ወር አልፏት ነበር። ሴት ልጅ የበኩር ልጇን የምትወልደው በእናቷ ቤት መሆኑን የማያውቅ የለም። አብተውና ሚስቱ ዘርፉ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ኦዳ ቆርኬ ወርደው፣ ምሳ በልተው፣ ስለ እህሉና ስለ ከብቱ ከጠየቁ በኋላ ነገሩን አነሡ።

«በምን ልትወስዷት?» አሉ እመት ዲንቄ።

«በበቅሎ ነዋ» አለ አብተው። «ኮርቻውን እኔው ነኝ የሠራሁት። ትራስ ማለት ነው።»

«በበቅሎ! የልጅ ልጄን እንደ እርጎ ልትንጠው? ስማኝ አብተው። መደገፊያ ያለው፣ የማይንጥ፣ ጆሮ የሌለው ነገር ይዘህ ናና ውሰዳት። የሚደነብር ነገር ሁሉ ጆሮ አለው። ከአስተርዮ ማርያም በፊት ካልመጣህ ግን እዚሁ ትወልዳለች። ዘጠኝ ወር የገባች ሴት መንገድ አትሄድም።»

ዘርፉ እስከ ቤቷ ድረስ አለቀሰች። ልጇን በእጇ ማዋለድ፣ አጥሚቱን በእጇ ማጠጣት ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ያሰበችው ነው። አብተው ግን አላለቀሰም። በልቡ ይቆጥር ነበር። መደገፊያ ያለው። የማይንጥ። ጆሮ የሌለው።

እንዲህ ያለ ነገር አዳማ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ቆዳ ነጋዴ ከመጋዘኑ ጀርባ ያቆማት ጥቁር መኪና። ሁለት ክረምት ዘንቦባታል። ጣሪያዋ ተቀዷል፣ ሁለት ጎማዋ ተንፍሷል፣ የኋላ ወንበሯ ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ሙሴ ያኒ በዚያን ሰሞን ለቆዳ ግዢ ወደ ቡልቡላ ሊወርድ ተነሥቶ ነበር። በቡልቡላ በኩል ቤንዚን የለም፤ ሣር ግን ሞልቷል። ስለዚህ በቅሎ ፈለገ።

ያገናኛቸው የበቅሎ ደላላው ጂብሪል ነው። እኔ ምስክር ሆኜ ተጠራሁ፤ ጎረቤት ስለሆንኩና ሥራ ስላልነበረኝ። በእኛ ገበያ በቅሎ ሲሸጥ ሻጩ አመሏን በምስክር ፊት ይናገራል። ትራገጣለች፣ ትነክሳለች፣ ውሃ ስታይ ትተኛለች፤ ያለውን ይናገራል። ከተናገረ በኋላ ብትራገጥ የገዢው ጉዳይ ነው። ደብቆ ከተገኘ ትመለስበታለች።

«የኔዋ አመሏ አንድ ነው» አለ አብተው። «ጃንጥላ ትፈራለች።»

ጂብሪል ወደ ሙሴ ያኒ ዞረ። «ያንተስ?»

«መኪና አመል የለውም። ብረት ነው።»

«ሙሴ፣ አመል የሌለው ፍጥረት አላህ አልፈጠረም። እኔም አለኝ።»

«ያንተን እናውቀዋለን» አልኩ።

«አንተ ምስክር ነህ፤ ዝም በል። ሙሴ፣ ተናገር። ኋላ መኪናዋ ተመልሳ ብትመጣብህ እኔ የለሁበትም።»

ሙሴ ያኒ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። መኪናዋን አየ። በቅሎዋን አየ።

«ዳገት አትወድም» አለ።

«ዳገት አትወድም!» ብሎ ጂብሪል ገበያው ሁሉ እንዲሰማ ጮኸ። «ሰምታችኋል? ዳገት አትወድም!»

አብተው በረጅሙ ተነፈሰ። ልቡ ያረፈው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ሰዓት የማያውቀው ነገር እንዳያስቸግረው ፈርቶ ነበር። ዳገት የማይወድ ከብት ግን ሃያ ዓመት ሙሉ እየመጣለት ጠፍር ሲያስተካክል፣ የዓይን መከለያ ሲሰፋ ኖሯል።

መኪናዋን ሁለት በሬዎች ጎትተው ግቢው አስገቧት። ዶሮዋም አብራ መጣች፤ በውሉ አልተነሣችም፤ ግን ከእንቁላሏ የሚያስነሣት አልተገኘም።

ዘርፉ በር ላይ ቆማ ነበር። «በቅሎዋስ?» አለች። አብተው በጣቱ መኪናዋን አሳያት። ዘርፉ መኪናዋን ዞር ብላ አየቻት፣ ዶሮዋን አነሣች፣ እንቁላሎቹን በነጠላዋ ጠቀለለች፣ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከባሏ ጋር የምትነጋገረው በእኔ በኩል ሆነ። አጥራችን የጋራ ነው።

«ጎረቤቴ፣ ለዚያ ሰውዬ ምሳ ቀርቧል በልልኝ።»

«አብተው፣ ምሳ ቀርቧል።»

«ሰምቻለሁ፤ እዚሁ ነው ያለሁት።»

«ሰምቷል፣ ዘርፉ።»

«እኔም ሰምቼዋለሁ።»

እንዲህ ሆነን ሁለት ወር ከረምን።

ብረቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበርና ኃይለየሱስ ተጠራ። ኃይለየሱስ ባቡር ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሥራው ለባቡሩ ውሃ መሙላት ነው፤ ይሁን እንጂ አሥራ አንድ ዓመት ከባቡር ጋር የቆመ ሰው ብረት ስለተባለ ነገር ሁሉ አስተያየት ይኖረዋል። መኪናዋን በመዶሻ ሦስት ቦታ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ፤ ልክ ሐኪም ጀርባ እንደሚያዳምጠው።

«ትድናለች» አለ።

ገንዘብ አልነበረምና ዳነች የተባለችው ባለው ነገር ነው። ብሎኑን ኃይለየሱስ ከጣቢያው ጓሮ፣ ባቡሩ ከጣለው ዝገት ውስጥ እየለቀመ አመጣ። ለባቡር የተሠራ ስለሆነ ሁሉም አንድ ጣት ይተልቅ ነበር፤ ቀዳዳው ሰፋ። በሁለት ብረት መካከል ገብቶ እንፋሎት የሚይዘውን ነገር አብተው ከበሬ ቆዳ ቆረጠ፣ በሰም ቀቀለ፣ ገጠመ። ሞተሩን የጉሎ ዘይት አጠጡት፤ አብተው ለኮርቻ ማለስለሻ የሚያስቀምጠው ማሰሮ ሙሉ ነበር። ወንበሩን ግን ማንም ሳይነግረው ሠራው። የፍየል ቆዳ፣ ከሥሩ የበግ ጠጉር፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ እንደገና ጠጉር። እንዲያ ያለ ወንበር አዲስ አበባ ከነበሩት መኳንንት ስንቱ እንደነበረው እንጃ።

የጎማው ነገር አስቸጋሪ ነበር። ውስጡ የሚነፋው ላስቲክ ተበጣጥሷል፤ አዲስ ከጅቡቲ ነው የሚመጣው፤ ከጅቡቲ የሚመጣ ነገር ደግሞ ከነዋጋው ነው። አብተው ጎማውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሲያየው ቆየና፣

«ይህ እኮ ኮርቻ ነው» አለ። «ክብ ኮርቻ።»

ጭድ ጠቀጠቀበት። እንደ ኮርቻ በዱላ እየመታ፣ ጎርባጣውን እያስተካከለ፣ አፉን በጠፍር ሰፋው። ኃይለየሱስ ፊቱን አዙሮ ቆመ።

«አያ አብተው» አለ፣ «ባቡር ጣቢያ እንዳትነግርብኝ።»

መሪውን አብተው ልጓም ይለዋል። ከሥር በእግር የሚረገጡትን ሦስቱን ብረቶች ርካብ ይላቸዋል፤ የግራው ወደፊት መሄጃ፣ የመካከሉ ወደኋላ መሄጃ፣ የቀኙ ማቆሚያ። ኃይለየሱስ ይጮኻል፤ «በቅሎ አይደለችም፣ ወንድሜ! ብረት ናት! ብረት አይሰማም፣ አይፈራም፣ አያኮርፍም!» አብተው ራሱን ይነቀንቃል፣ «እሺ» ይላል፣ ጠዋት መጥቶ አንገቷን መታ መታ ያደርጋታል።

በገና ማግስት ውሃ ሞሉባት። ፊቷ ላይ ያለው የውሃ ሣጥን እንደ ወንፊት አፈሰሰ። ኃይለየሱስ ተንበርክኮ ቀዳዳዎቹን ቆጠረ፤ አሥራ ሰባት ሲደርስ ተወው።

«ይህ የመርከብ ጉዳይ ነው» አለ። «አዲስ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣ። ቢፈጥን ፋሲካን ያልፋል።»

አስተርዮ ማርያም ሦስት ሳምንት ነው የቀራት። አብተው መሬት ላይ ተቀመጠ፣ የሚንጠባጠበውን አየ። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ከአጥሩ በኩል የዘርፉ ድምፅ መጣ።

«ጎረቤቴ፣ ለእነዚያ ሰዎች ተልባ በላቸው።»

«ተልባ ምን?»

«ተልባ! የተወቀጠ ተልባ ሙቅ ውሃ ሲነካው ምን ይሆናል? ያብጣል፣ ይለጠጣል፣ ያገኘውን ቀዳዳ ይደፍናል። ሴት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ከጅቡቲ አይመጣም በላቸው።»

ኃይለየሱስ ሳቀ። ስለ ተልባና ስለ ብረት ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። እሱ ሲናገር ዘርፉ ሙቀጫዋን አውጥታ ትወቅጥ ነበር። ሁለት ጭብጥ ጨመሩበት፣ የሞተሩን ማስነሻ ብረት፣ ማንቬላውን፣ አብተው አዞረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አሥራ አንድ፤ በአሥራ ሁለተኛው መኪናዋ ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሣች። የጉሎ ዘይቱ ጭስ ሰፈሩን ሸፈነው። እስከ ገበያው ድረስ ያለ ሰው ሁሉ ሆዱን ያዘ፤ ያ ሽታ የሚያስታውሰው ሆድ ለማጽዳት የጠጣውን ጉሎ ብቻ ነው። ውሃው ሲሞቅ ተልባው አበጠ፤ ከአሥራ ሰባቱ ቀዳዳ ሁለት ብቻ ቀሩ፤ እነሱም የሚያለቅሱት በየተራ ነበር።

«እኔም ልለው የነበረው ይህንኑ ነው» አለ ኃይለየሱስ።

የመጨረሻው ሥራ የዓይን መከለያው ነው። አብተው ለሁለቱ መብራቶች በቆዳ ሰፍቶ፣ በጠፍር አሰረላቸው፤ ወደላይ እንዳያዩ።

«ይህ ለምንድን ነው?» አለ ኃይለየሱስ፤ ድምፁ ደክሟል።

«ለዳገቱ።»

አስተርዮ ማርያም ሁለት ቀን ሲቀራት በማለዳ ተነሣን። አብተው ልጓሙን ያዘ። ኃይለየሱስ ከጎኑ ተቀመጠ። ዘርፉ በኋላ ወንበር ላይ፣ ፊቷን ወደ ሜዳው አዙራ። እኔ ደግሞ ከጎኗ ባለው መርገጫ ላይ ቆሜ በእጄ ድንጋይ ይዤ ነበር። የቀኙ ርካብ ስለማያስተማምን፣ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ዘልዬ ወርጄ ጎማ ሥር የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ሹመት ነው።

ከአዳማ በኩል የቦኩ አቀበት ለስላሳ ነው። ቤንዚኑም ሙሉ ስለነበር መኪናዋ ወጣችው። ማዶ ያለውን ቁልቁለት ደግሞ ወደደችው፤ ከልክ በላይ ወደደችው። ረፋድ ላይ ኦዳ ቆርኬ ደረስን።

መንደሩ ሁሉ ወጣ። ሮማነወርቅ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ከቤት ብቅ አለች፤ ዘርፉ ሮጣ አቀፈቻት። ሰንበታ መኪናዋን አይቶ «አካም ጅርታ» ብሎ ደኅንነት ጠየቀ፤ ለመኪናዋ ይሁን ለእኛ አልገባንም። «ፈያ» አልነው።

እመት ዲንቄ ምርኩዛቸውን ይዘው መኪናዋን ዙሪያዋን ዞሯት። አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ። ጆሮ ይፈልጉ ነበር።

«መደገፊያ አለው» አሉ በመጨረሻ። «ጆሮም የለው። ዓይኑን ለምን ሸፈናችሁት?»

«ዳገት እንዳያይ ነው፣ እመት» አለ አብተው።

«አሃ። ባትሸፍነው ኖሮ አምንህ ነበር። መናጡስ? መናጡ አልታየም። ግቡ መጀመሪያ እህል ቅመሱ።»

ገብተን እየበላን ሳለ ሰንበታ ከደጅ መጣ። በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ተናገረ።

«አያ አብተው፣ በሬው ጎማችሁን በላው።»

እውነት ነው። የእመት ዲንቄ ቀይ በሬ የኋላ ግራ ጎማውን ስፌት በቀንዱ ፈትቶ፣ ጭዱን ጎትቶ፣ ግማሹን ጨርሶ ያመሰኳ ነበር። መኪናዋ በአንድ በኩል ተንበርክካለች።

እመት ዲንቄ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ፤ ዕንባቸው እስኪወርድ። «እኔ ከተወለድኩ በሬ በቅሎ ሲበላ አላየሁም!» አሉ። «በሉ አታልቅሱ። እንግዳ ባዶ እግሩን አይሸኝም። ሰንበታ፣ የጤፍ ጭድ አምጣላቸው።»

የጤፍ ጭድ ከስንዴ ጭድ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ለስላሳ ነው፣ አይጎረብጥም። አብተው ይህን እንዳየ ሌላውንም በጭድ የተሞላ ጎማ ፈትቶ በጤፍ ሊሞላው ፈለገ፤ ኃይለየሱስ ነው እጁን የያዘው።

ከዚያ እመት ዲንቄ ጮጮ ሙሉ ወተት ይዘው ወጡ፤ ክዳኑን አንሥተው እዚያው ጣሉት።

«አሁን እናያለን» አሉ። «እኔ ይህን በጭኔ ይዤ እቀመጣለሁ። ያችን ኦዳ፣ ያችን ዋርካ፣ አንድ ጊዜ ትዞራለህ። ወተቴ ከፈሰሰ ልጅቱ እዚሁ ትወልዳለች፤ ነገር አለቀ።»

ዘርፉ ዓይኗን ጨፈነች። አብተው ማንቬላውን አዞረ፣ ተቀመጠ፣ እንደ እንቁላል ተሸካሚ ቀስ ብሎ ተነሣ። መኪናዋ በዋርካው ሥር ባለው ሥራሥር ላይ እያለፈች ከፍ ዝቅ አለች፤ ጭዱ ዋጠው፣ ጠጉሩ ዋጠው። እመት ዲንቄ ዓይናቸውን ከወተቱ አልነቀሉም። አንድ ዙር ሞላ። አብተው ሊያቆም ሲል፣

«ማን ቁም አለህ?» አሉት። «ይረጋገጥ።»

ሁለተኛው ሞላ። በሦስተኛው ላይ ለጎረቤቶቻቸው እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር፤ ወተቱም አንዲት ጠብታ የፈሰሰው ያን ጊዜ ነው። ሲወርዱ ሁላችንም ጠብታዋን አየናት። 

«ይህቺ» አሉ እመት ዲንቄ ቀሚሳቸውን እየጠረጉ፣ «የእጄ ናት።» ጮጮውን ለሰንበታ አቀበሉና፣ «ወተት ሌላ፣ የልጅ ልጅ ሌላ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ከናጠ እዚያው ነው የምመልሳት። ይህን ሁላችሁም ስሙ።»

ፀሐይ ዘንበል ስትል ተነሣን። በኋላ ወንበር ላይ ሮማነወርቅ በመካከል፣ እናቷ በግራ፣ አማቷ በቀኝ። ሜዳውን በደህና ጨረስነው። እመት ዲንቄ ሁለት ጊዜ «ተናጥሽ?» ብለው ጠየቁ፤ ሮማነወርቅ ሁለት ጊዜ «ኧረ እንቅልፌ መጣ» አለች። የቦኩ ዳገት ደረስን።

ከኦዳ ቆርኬ በኩል ያለው ዳገት እንደ ግድግዳ ነው። መኪናዋ ሩቡን ያህል ወጣች። ከዚያ ተንተባተበች። ሳለች። ዝም አለች። እኔ ወርጄ ድንጋዬን አስቀመጥኩ።

አብተው እንደገና አስነሣት፤ አሥር እርምጃ ሄዳ ቆመች። የዓይን መከለያውን ወርዶ አጠበቀ፤ ምንም። ኃይለየሱስ የቤንዚኑን ቧንቧ በአፉ ነፋ፤ ምንም። ቤንዚን ግማሽ ጣሳ ያህል እንደቀረ በእንጨት ለክቶ አየ፤ «አለ እኮ!» አለ፤ «ካለ ለምን አትሄድም? ብረት አያኮርፍም!» እሱ ራሱ አኩርፎ ነበር። አብተው አንገቷን መታ መታ አደረገ፣ በጆሮዋ ሊናገራት ጎንበስ ሲል ጆሮ እንደሌላት ትዝ አለው።

ሴቶቹ ከዳገቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እመት ዲንቄ ወደ ኋላቸው፣ ወደ ሜዳው አዩ። የኦዳ ቆርኬ ዋርካ ከሩቅ ይታያል።

«እግዜር ተናግሯል» አሉ። «ቁልቁል ከሆነ ትሄዳለች፤ መኪናዋም የቤታችንን መንገድ አውቃዋለች። ተነሺ ልጄ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ቤታችን እንግባ።»

ዘርፉ የልጇን እጅ ይዛ ነበር፤ አልለቀቀችም፣ አላጠበቀችም። አብተው አያት። እኔ ድንጋዬን አየሁ።

«ምን ታፈጣለህ?» አሉት እመት ዲንቄ። «በቅሎ ይሻላል ብለህ ነበር፤ እውነትህን ነው። የሟቹ ባሌ በቅሎ ይህን ዳገት አትወድም ነበር። እዚህች ቦታ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ግን በቅሎ ናት፤ መላ አላት። ቂጧን ወደ ዳገቱ አዙሮ፣ ደረቷን ገፋ ሲያደርጋት፣ በኋላዋ እየሄደች እስከ ላይ ትወጣለች። በል እንግዲህ መኪናህንም በቂጧ አስወጣት!»

ብለው ሳቁ። ኃይለየሱስም ሳቀ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈገግ ብያለሁ።

አብተው አልሳቀም። እመት ዲንቄን አየ። መኪናዋን አየ። ከዚያ ኅዳር ላይ ያየሁትን ያንን ፊቱን አየሁ፤ በልቡ ሲቆጥር።

«ድንጋይህን አንሣ» አለኝ።

መኪናዋን ወደ ታች ለቀቃት፤ ሜዳው ላይ አዙሯት ጀርባዋን ለዳገቱ ሰጠ። የዓይን መከለያዎቹን ፈታ፤ ዳገቱን የማታየው ከሆነ ምን ያደርጉላታል። ሴቶቹ ወርደው ተሳፈሩ፤ እመት ዲንቄ የተሳፈሩት ይህን ሳላይ አልቀርም ብለው ነው። አብተው ማንቬላውን አዞረ፣ ተቀመጠ፣ የመካከሉን ርካብ ረገጠ።

መኪናዋ በጀርባዋ መውጣት ጀመረች።

አልተንተባተበችም። አልሳለችም። እኔ ድንጋዬን ተሸክሜ ከፊቷ እከተላት ነበር። ግን አብተው ወደ ኋላ ማየት አልቻለም፤ ጣሪያው ጋርዶታል፤ መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል። ያን ጊዜ ዘርፉ ወንበሩ ላይ ተንበርክካ፣ በኋላ በኩል አንገቷን አወጣች።

«ጎረቤቴ! ወደ ግራ በልልኝ!»

እኔ ከፊት ነኝ፤ የሞተሩ ጩኸት መካከላችን አለ። «ምን?» አልኩ።

የኋላ ጎማው ወደ ገደሉ ተንሸራተተ።

«አብተው! ግራ! ወደ ግራህ አብተው!»

አብተው ልጓሙን ወደ ግራ መለሰ። ሁለት ወር ሙሉ ስሙን አልጠራችውም ነበር። «አሁን ቀጥ! ቀጥ! ትንሽ ቀኝ፣ ደንቆሮ፣ ቀኝ! እንዲያ!» አለች። አብተው ጀርባውን ሰጥቷት ነበር፤ እኔ ግን ፊቱን እያየሁ ነው የወጣሁት። እንደዚያ ደስ ብሎት ደንቆሮ የተባለ ሰው አላየሁም። እኔም ከመልእክተኛነቴ የተሻርኩት በዚያ ዳገት ላይ ነው።

አናቱ ላይ ስንደርስ ኃይለየሱስ ተጠራጥሮ ዝቅ አለ፣ የቤንዚኑን ጋን አየ፣ ሞተሩን አየ። ጋኑ ከወንበሩ ሥር ነው። ቤንዚኑ ሲያንስ፣ ፊቷ ወደ ላይ ካቀና ሞተሩ ከጋኑ ከፍ ይላል፤ ቤንዚን ደግሞ እንደ ውሃ ነው፤ ሽቅብ አይፈስም። ጀርባዋን ስትሰጥ ጋኑ ከላይ ይሆናል።

«እኔም ልለው የነበረው ይህንኑ ነው» አለ።

ከአናቱ ወዲያ በፊቷ መሄድ ትችል ነበር። አብተው ግን የሠመረ ነገር አይነካም። አዳማ የገባነው በጀርባ ነው። ገበያው ዳር የነበሩ ሰዎች እየመጣን ይሁን እየሄድን ግራ ገባቸው፤ ግማሾቹ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉን፣ ግማሾቹ «በሰላም ግቡ» እያሉ ሸኙን። ጂብሪል በቅሎዎቹን ትቶ ሮጦ መጣ።

«ፊቷ ኦዳ ቆርኬ፣ ልቧ አዳማ!» እያለ ጮኸ። «አመሏን አስቀድሜ አልተናገርኩም?»

እመት ዲንቄ ከመኪናዋ ሲወርዱ የምንጠብቀው ቁጣ ነበር። ረጋ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አልናጠም» አሉ። «ደግሞ ከአገሬ ስወጣ ጀርባዬን አልሰጠሁም። ዋርካው ከዓይኔ እስኪጠፋ እያየሁት ነው የመጣሁ። ይህን የሚያደርግ በቅሎ የለም።»

ሮማነወርቅ የካቲት መጨረሻ ላይ በእናቷ ቤት ወንድ ልጅ ወለደች። ዘርፉ አዋለደች፣ እመት ዲንቄ አዘዙ። ሁለቱ ስለ አጥሚቱ ውፍረት ተጣልተው፣ ታርቀው፣ እንደገና ተጣሉ። ልጁን መርጋ አሉት። በአርባኛው ቀን ክርስትና ተነሣ፤ በማግስቱ እመት ዲንቄ ሊሄዱ ተነሡ። ሰንበታ በቅሎ ይዞ መጥቶ ነበር፤ አላዩትም። መኪናዋ ውስጥ ገብተው፣ መደገፊያቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ዘርፉ ሕፃኑን አቅፋ ደጃፍ ላይ ቆመች። እመት ዲንቄ አዩት፣ ፊታቸው ትንሽ ተለዋወጠ፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው አሾፉ።

«ስመጣ አገሬን እያየሁ መጣሁ» አሉ። «እንግዲህ ስሄድ ደግሞ ይህን ልጅ እያየሁ ልሂዳ!»

ሁላችንም ሳቅን። አብተው ግን ወርዶ መኪናዋን አዞራት፤ ፊቷን ወደ ደጃፉ፣ ጀርባዋን ወደ ቦኩ። ዘርፉ ሕፃኑን ለሮማነወርቅ ሰጥታ የኋላ ወንበር ላይ ተንበረከከች።

«ግራ» አለች።

አብተው የመካከሉን ርካብ ረገጠ። እኔ ድንጋዬን አነሣሁ።